በገጽ ዐሥራ አራት ላይ ያለው ስሜ

ወላይታ ሶዶ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

«ከኩባንያው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው፣ የአካባቢው አንጋፋ የሥነ ምድር ሊቅ ዶክተር ተሻገር በድሉ፣ ከገሱባ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘውን ዐለት በዐይናቸው መርምረው ወርቅ ያለበት መሆኑን አረጋግጠውልናል።»

ይህ አንተ የጻፍኸው ነው። ታኅሣሥ 18 ቀን ስለ ቴልማር የማዕድን ፍለጋ ኩባንያ ያወጣኸው የጥናት ሪፖርት፣ ገጽ 14፣ ሁለተኛው አንቀጽ። ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል መልሼዋለሁ፤ የጨመርሁትም የቀነስሁትም የለም።

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለዓምደሚካኤል ልጅ፣ ለኪሩቤል። እግዚአብሔር በሰው አገር ጤናህን ይጠብቅ፤ የአባትህንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ሰላምታው ከጥቅሱ በኋላ የመጣው ረስቼው አይደለም።

እኔ ዶክተር አይደለሁም። የሥነ ምድር ሰውም አይደለሁም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የመረመርሁትም ነገር የለም። በጥቅምት አባትህን በቀበርን በስድስተኛው ቀን «ጋሼ፣ ትንሽ ንፋስ እንቀበል» ብለህ በኮንትራት መኪና ወደ ገሱባ ወሰድኸኝ። አንተ በስልክህ ፎቶ ስታነሣ እኔ መንገድ ዳር ሙዝ እየላጥሁ ቆሜ ጠበቅሁህ። «ግንኙነት የሌላቸው» ያልኸኝ ሰው ደግሞ የጸሐፊው ዘመድ ነኝ።

ይህን ያወቅሁት ከቀድሞ ተማሪዬ ከብሥራት ነው። ሜልቦርን አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ተረኛ ነው። እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «መምህር፣ ለቤት መግዣ ያጠራቀምሁትን ቴልማር ላይ አዋልሁት። የእርስዎን ስም ባላይ አልነካውም ነበር። በአንዲት ጠብታ ስሕተት ዜሮ የሰጡኝ ሰው አረጋግጠዋል ካሉ፣ አለቀ አልሁ።»

ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። ለዚህ ጥናት የከፈለህ ማን ነው? ስሜንስ የምታወጣው መቼ ነው?

ባለቤቴ የትምወርቅ ሰላም ትልሃለች። ዛሬ ከኩላሊት እጥበት ተመልሳ ተኝታለች። ለሆስፒታሉ የምትልከው በወሩ መጀመሪያ ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ተሻገር በድሉ


ፐርዝ፣ አውስትራሊያ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከአባቴ ቀጥሎ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ ተሻገር፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እትዬ የትምወርቅስ እንዴት ናት? እኔ በመድኃኔ ዓለም ቸርነትና በእናንተ ጸሎት ደኅና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ በወሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ ሲድኒ ተመላልሻለሁ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ሣቅሁም፣ አዘንሁም። ጋሼ፣ ይህ የገበያው አጻጻፍ ነው። «ዶክተር» የምትለዋ ቃል የአራሚው ስሕተት ናት፤ እዚህ አገር ዕድሜ ጠገብ አስተማሪ ሁሉ ዶክተር ይመስላቸዋል። የቀረውን ደግሞ በመንገዳችን ላይ ካወራነው የወሰድሁት ነው። «ይህ መሬት ብዙ ነገር ሳይደብቅ አይቀርም» አላሉም?

ማን ከፈለህ ላሉኝ፦ ኩባንያው የጥናቱን ወጪ ይሸፍናል። አስተያየቱ ግን የእኔ ብቻ ነው። ይህም ተደብቆ አይደለም፣ ገጽ 22 ላይ ተጽፏል። ትልልቆቹ ባንኮች እንዲህ ያሉትን ጥቃቅን ኩባንያዎች ዞር ብለው አያዩአቸውም። እኛ ካልጻፍንላቸው ማን ይጽፍላቸዋል? የወላይታን ስም በዚህ ገበያ የጠራ ሰው ከእኔ በፊት ነበር? ደስ ይልዎታል ብዬ ነበር።

ብሥራት ትልቅ ሰው ነው፤ አንብቦ ገዛ። አክሲዮን ይወጣል፣ ይወርዳል። ታጋሽ ይሁን ይበሉልኝ።

ለእትዬ የትምወርቅ የዚህን ወር ልኬአለሁ፤ ትንሽም ጨምሬበታለሁ። ፍራሽ ይቀየርላት።

የሚያከብርዎት ልጅዎ፣
ኪሩቤል


ወላይታ ሶዶ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኪሩቤል፣

ሰላምህ ይብዛ። ፍራሹ ተገዝቷል። የትምወርቅ «እጁ አይንጠፍ» ብላሃለች፤ ቃሉ የእሷ ነው፣ አስተላልፌያለሁ።

ገጽ 22ን አንብቤአለሁ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ አስፍታ እስክታትምልኝ ድረስ ግን በመነጽሬም አልታየኝም። ስሜ በገጽ 14 ላይ የሰፈረበት ፊደል የዚህኛው ሁለት እጥፍ ነው። በዚያ ድቃቂ ጽሑፍ ውስጥ ኩባንያው ክፍያ እንደ ሰጠህና ከዚያም በላይ አራት መቶ ሺህ አክሲዮን በዛሬው ዋጋ ወደፊት የመግዛት መብት እንደ ሰጠህ ይላል። እንግዲህ ይህ መብት የሚጠቅምህ ዋጋው ከወጣ ብቻ ነው። ዋጋው የሚወጣው ደግሞ እነብሥራት ሲገዙ ነው። አስተያየቱ የእኔ ነው ስትል እውነትህን ነው፤ ጥቅሙም የአንተው ነው።

በዚህ አልቆምሁም። በድረ ገጽህ ላይ ያሉትን ሪፖርቶች በሙሉ አሳትሜ አነበብሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ኩባንያዎች ናቸው። ዐሥራ ዘጠኙንም «ግዙ» ብለሃል። አንድ ተማሪ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ መዝኖ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ አንድ ዐይነት ውጤት ቢያመጣልኝ፣ ሚዛኑን አልመረምርም፤ ተማሪውን ነው ከላቦራቶሪ የማስወጣው። «አትግዙ» ያልኸውን አንድ ኩባንያ ጥቀስልኝ። አንድ ብቻ።

የቴልማርን ናሙና ደግሞ እንይ። «እስከ 14 ግራም በቶን» ይላል። «እስከ» ማለት ምን ማለት ነው? አምስት ድንጋይ ተወስዷል፤ አምስቱንም የመረጠው የኩባንያው ሰው ነው፤ የታተመው የአንዱ ውጤት ነው። አራቱ የት ገቡ? የተቆፈረ ጉድጓድ አንድም የለም። ከምርጥ ድንጋይ የተገኘን ቁጥር ለተራራው ሁሉ ማደል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚወድቅበት ስሕተት ነው። አንተ ግን አልወደቅህበትም፤ ተከፈለህበት።

ቅዳሜ ዕለት በሚኒባስ ገሱባ ወረድሁ። ከሪፖርትህ ላይ ትልቁን ፎቶ፣ ከሥሩ «ወርቅ አዘሉ ዐለት» የሚል የተጻፈበትን፣ ይዤ ነበር። ቦታውን ሳገኘው አንድ ገበሬ ከዳር የጎደሬ ማሳውን ሲኮተኩት አገኘሁት፤ አቶ አንጁሎ ይባላል። ፎቶውን አሳየሁት።

«ይሄማ የእኛ ጠጠር ነው» አለኝ። «መንገድ ሥራ መጣ፣ ቆፈረ፣ ጠጠሩን ጭኖ ሄደች።»

«ወርቅ አለበት ይላሉ» አልሁት።

መኮትኮቻውን ተደግፎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ወርቅ ካለ፣ እኔ እዚህ ቦይና እተክላለሁ?» አለ። ከዚያ ሚስቱን በወላይትኛ ጠርቶ ነገራት፤ ሣቋ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተለኝ።

በዓለም ገበያ ፊት ያረጋገጥሁት ወርቅ ይህ ነው። ስሜን አውጣ፤ ማውጣትህንም በዚያው ድረ ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አስታውቅ። ብሥራት ብቻ አይደለም፤ ስሜን አይተው የገዙ ሌሎች ሦስት ተማሪዎቼን አግኝቻለሁ።

ተሻገር


ፐርዝ
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተሻገር፣

እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሰህ። ከዛሬ ጀምሮ «አንተ» እልሃለሁ፤ የጻፍህልኝ ደብዳቤ ለዘመድ የሚጻፍ ስላልሆነ።

ከዚህ ጋር አንድ ቅጂ አያይዣለሁ። ተመልከተው። «ስሜ፣ ሙያዬና አስተያየቴ በሪፖርቱ ውስጥ እንዲገባ፣ ጸሐፊው በሚመስለው አገላለጽ እንዲጠቀምበት ፈቅጃለሁ» ይላል። ቀኑ ጥቅምት 20 ነው። ከታች ያለው ፊርማ የማን ነው? ያቺን የመጨረሻዋን የተጠማዘዘች ጭራ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ።

ዶክተር ባልሁህ ተቆጣህ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጀምረህ ያልጨረስኸውን ዶክትሬት እኔ በአንድ መስመር ጨረስሁልህ። አባቴ ነፍሱን ይማርና «ተሻገር የሰው ስሕተት ሲቆጥር የራሱን መጽሐፍ መጻፍ ረሳ» ይል ነበር። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ነጻ መሆን አለመሆኔን መርምረሃል። ጥሩ። አሁን እኔ አንተን ልመርምር። የትምወርቅ ሃያ ስምንት ወር የታጠበችው በማን ገንዘብ ነው? ያ ገንዘብ ከየት ይመጣል ብለህ አንድ ቀን ጠይቀሃል? ከቴልማርና ከዐሥራ ስምንቱ ነው የመጣው፤ ሌላ ሥራ የለኝም። ገንዘቡ ሲደርስህ በመነጽር ያየኸው ገጽ 22 አልነበረም። በእድራችሁ ስብሰባ ላይ ቆመህ «ኪሩቤል የተባረከ ልጅ ነው፣ ሁላችሁም ልጆቻችሁን እንደ እሱ አሳድጉ» ስትል ቪዲዮውን ልከውልኛል። ያን ጊዜ ነጻ ምስክር ነበርህ? እኔስ ያንተን ምስክርነት እንደ ገዛሁት በድቃቂ ፊደል ከሥሩ ልጻፍበት?

ቴልማር ሪፖርቱ ከተነካ ውሉን ያፈርሳል። ውሉ ሲፈርስ ምን እንደሚቆም አንተ ኬሚስት ነህ፣ አስላው።

ኪሩቤል


ወላይታ ሶዶ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኪሩቤል፣

እግዚአብሔር ጾሙን ጾመ በረከት ያድርግልህ።

ፊርማው የእኔ ነው።

አስታውሰዋለሁ። የአባትህ ሣልስት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ፣ በሰው መካከል፣ አራት ወረቀት በመቀመጫ ላይ ዘርግተህ አቀረብህልኝ። ሦስቱ የቀበሌ ነበሩ፤ የሞት ምዝገባው፣ የወራሽነቱ ማመልከቻና የምስክሮቹ ዝርዝር። «ጋሼ፣ የቤተሰቡ ታላቅ እርስዎ ነዎት» አልኸኝ፤ ፈረምሁ። «እዚህም ላይ» አልህ፤ ፈረምሁ። አራተኛው እንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛ መሆኑን አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። አላነበብሁትም። አባቱን የቀበረ ልጅ ያቀረበውን ወረቀት ለቀስተኛ ፊት መነጽር አውጥቶ መስመር በመስመር ማንበብ «አላምንህም» ማለት ነው፤ ነውር ነው። እኔ ነውር መሆኑን ስለማውቅ አላነበብሁም። አንተ ነውር መሆኑን ስለምታውቅ እዚያ አቀረብኸው። አባትህ አፈር ከለበሰ ሦስት ቀኑ ነበር።

ይህ የእኔን ጥፋት አይቀንሰውም። ያላነበበውን የሚፈርም ሰው ምስክር አይባልም። ለብሥራት ሁሉንም ጻፍሁለት። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፦ «መምህር፣ ለእኔ በአንዲት ጠብታ ዜሮ ሰጡኝ። ለራስዎ ስንት ሰጡ?»

ስለ የትምወርቅና ስለ እድሩ የጻፍኸውም ትክክል ነው። አልጠየቅሁም። መልሱን ስለፈራሁ አልጠየቅሁም።

ከዛሬ ጀምሮ ፈቃዴን አንስቻለሁ። ይህን በኢሜይል ልኬልሃለሁ፤ ዋናው ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ይደርስሃል።

የትምወርቅ ደኅና ናት።

ተሻገር


ፐርዝ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ተሻገር፣

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርስዎት። ባለፈው በንዴት የጻፍሁትን ልብዎ አያስቀርብኝ፤ ልጅ አባቱን ይሳደባል፣ አባት ግን ይችላል። የአደራ ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

የመጋቢት ወር ለሆስፒታሉ እንዳልደረሰ አውቃለሁ። የሚያዝያም። እርስዎም አልጠየቁኝም። እኔ የምጠላው ይህን ኩራትዎን ነው፤ ደግሞም የምቀናው በእሱ ነው።

አሁን እንደ ሰው እንነጋገር። ቴልማር አዲስ አክሲዮን እየሸጠ ነው፤ ሽያጩ ሚያዝያ 24 ቀን ይዘጋል። ኩባንያው የእርስዎን ደብዳቤ አይቶ ደንግጧል። ከእርስዎ የሚፈልገው አንዲት መስመር ናት፦ «ቀደም ሲል በሰጠሁት አስተያየት እጸናለሁ።» ወርቅ አለ አይልም። መረመርሁ አይልም። ጸናሁ ብቻ ነው። ሽያጩ ሲዘጋ ስምዎን በጸጥታ አወጣዋለሁ፤ ማንም ሳያውቅ።

መስመሯ በደረሰችኝ ዕለት የስድስት ወር እጥበት በአንድ ጊዜ ለሆስፒታሉ ይከፈላል። ከሒሳብ ሹሙ ጋር በስልክ ተነጋግሬአለሁ፤ አልጋዋ ተይዟል። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ሳይጎድል።

እባክዎ፣ ይህን ደብዳቤ ለእትዬ የትምወርቅ ያንብቡላት።

ልጅዎ፣
ኪሩቤል


ወላይታ ሶዶ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኪሩቤል ዓምደሚካኤል፣

እንኳን ከሁዳዴ ወደ ፍስክ አሸጋገረህ።

እንዳልኸው አደረግሁ። አላነበብሁላትም፣ ራሷ እንድታነበው ሰጠኋት፤ ሃያ ዓመት የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበረች። የስቅለት ዕለት ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አጥፋ ከትራሷ ሥር አደረገችው።

«ፈርም» አለችኝ።

«ውሸት ነው።»

«ውሸት መሆኑንማ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ከእውነት ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ፤ ብርድ ነው። ፈርም።»

«ስንት ተማሪ ገዝቷል?» አለችኝ።

«የማውቃቸው አራት ናቸው።»

«ገንዘባቸው ቢጠፋ ይሞታሉ?»

«አይሞቱም።»

«እንግዲህ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሲመሽ ሾርባ ይዤላት ስገባ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ «ለቀበሌ ፈረምህ፣ ለለቅሶ ፈረምህ፣ ሳታነበው ፈረምህ። ለእኔ ሲሆን ነው ማንበብ ትዝ ያለህ?» ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም። ትንሣኤን ያደርነው በአንድ ቤት ሁለት ሰዎች ሆነን ነው።

አልፈረምሁም። ወደፊትም አልፈርምም። በእሷ ፈቃድ ወሰንሁ ብዬ አልዋሽህም፤ በእሷ ላይ ነው የወሰንሁት። ከመጋቢት ጀምሮ በሳምንት ሦስት የነበረው እጥበት ሁለት ሆኗል፤ ያንንም የምንከፍለው ከደመወዜና ከጓሮው መሬት ሽያጭ ነው። እግሯ ማበጥ ጀምሯል። ይህን የጻፍሁልህ እንድታዝን አይደለም። ሐዘንህ ለምንም ማስረጃ አይሆንም። የጻፍሁት፣ ከዚህ በታች ያለው መግለጫ ያለ እሱ ጎዶሎ ስለሚሆን ነው።

መግለጫውን ለአውስትራሊያ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትና ለአራቱ ተማሪዎቼ አዘጋጅቻለሁ። እንዲህ ይጀምራል፦ «እኔ ተሻገር በድሉ የሪፖርቱ ጸሐፊ የኪሩቤል ዓምደሚካኤል ዘመድ ነኝ። ከኅዳር 2015 እስከ የካቲት 2017 ድረስ የባለቤቴን ሕክምና የከፈለልኝ እርሱ ነው። ስለዚህ ስለ እርሱ የምናገረው ሁሉ፣ በጎውም ክፉውም፣ ይህ ታውቆ ይነበብ።» ይህ ከላይ ነው፣ በመጀመሪያው መስመር፣ ከሌላው ጽሑፍ ጋር በእኩል ፊደል። ከዚያ ቀጥሎ ድንኳኑ፣ ፊርማው፣ የጠጠር ጉድጓዱ፣ አምስቱ ድንጋዮችና የሚያዝያ 3 ደብዳቤህ ይመጣሉ። ቅጂው ከዚህ ጋር ተያይዟል። አንብበው። ከማንበብህ በፊት ግን ምንም ነገር አትፈርም።

አንድ ዕድል እሰጥሃለሁ፤ የምሰጥህ ስለራራሁልህ አይደለም። የአንተ ቃል ከሽያጩ መዝጊያ በፊት ወደ ገዢዎቹ ይደርሳል፤ የእኔ ደግሞ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል ሽያጩ ሊዘጋ ይችላል። በድረ ገጽህ የፊት ገጽ ላይ እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ አውጣቸው፦

«በቴልማር ሪፖርት ገጽ 14 ላይ ነጻ ባለሙያ ያልሁት ሰው ዘመዴ ነው፤ የሥነ ምድር ባለሙያ አይደለም፤ ምንም አልመረመረም። ፊርማውን የወሰድሁት በአባቴ ለቅሶ ላይ፣ እንደማያነበው አውቄ ነው። ሪፖርቱን የጻፍሁት ከኩባንያው ክፍያና የአክሲዮን መብት ተቀብዬ ነው፤ ማንም በእሱ ተማምኖ አይግዛ።»

አንድ ቃል ቢለወጥ እንዳላወጣኸው እቆጥረዋለሁ። ካወጣኸው መግለጫዬን ወደ መሥሪያ ቤቱ አልልከውም፤ ወደ ተማሪዎቼ ግን እልከዋለሁ፣ የእነርሱ ነውና። ለሆስፒታሉ አንዳች ነገር እንዳትልክ። ከላክህ ሒሳብ ሹሙ እንዲመልስ በጽሑፍ አሳውቄዋለሁ፤ የትምወርቅም ይህን ታውቃለች።

ማውጣትህን ወይም አለማውጣትህን፣ ምክንያትና ምርቃት ሳትጨምርበት፣ በፊርማህ በተረጋገጠ ጽሑፍ አሳውቀኝ። ስልክ አላነሣም፤ በሰው አፍ የተላከም አልቀበልም። መልስህ እስከ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ይድረሰኝ። በሶዶ ሰዓት።

ተሻገር በድሉ